የቀዘቀዘው ጉልበት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋቢ አልብሰው፣ ለስላሳ አጠጥተው፣ «ከወባ ጋር ሲታገሉ የኖሩ አባት» ብለው አሰናበቱኝ። ንግግሩ ውሸት አልነበረም። ፎገራ ላይ የሠራ ድሬሰር ከወባ ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል? እኔ ግን ያን ቀን ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የተቀመጥኩት ስለ ወባ እያሰብኩ አልነበረም። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ጉልበት ነበር በሐሳቤ የሚመላለሰው። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ፊቴን አጨፍግጌ ስላዩኝ፣ ሽማግሌው ከሥራ መለየቱ ከብዶት ነው ብለው አዘኑልኝ። አላረምኳቸውም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ማረም ሰልችቶኛል።

ሥራ የጀመርኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጎንደር ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና መሣሪያ መቀቀል ተምሬ ስጨርስ ወረታ መደቡኝ። ወረታ ያኔ የጎንደሩ መንገድና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት፣ ሾፌሮች ውኃ የሚጠጡባትና ጎማ የሚያቀዘቅዙባት መንደር ነበረች። ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ በሽተኛው የሚለው አይሰማም። ደመወዙ ለወንደላጤ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው ብለው የሚያምኑ። ሕዝቡም ይወዳቸው ነበር። ክኒን ይዞ የተመለሰ ሰው መንገድ ላይ «ምነው፣ አልታከምክም እንዴ?» ይባላል። ራሱን ያመመውም፣ ሆዱን የቆረጠውም፣ ዓይኑ የቀላውም ቂጡን ተወግቶ ይሄዳል። እኔም ከእሳቸው የተማርኩት ፈጥኖ መውጋትን ነው፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይሆናል። ከሰኔ ጀምሮ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ሰውም ከብቱም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው። እግር የማይታመም ሰው የለም። የፎገራ ሰው ደግሞ ለእግር በሽታ አንድ ስም ብቻ ነበረው። ያነከሰ ሁሉ «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ጓያ በችግር ጊዜ ደጋግመው ሲበሉት እግር እንደሚያሰናክል እውነት ነው፤ በዓይኔ ብዙ አይቻለሁ። ሕዝቡ ግን የሚቀቀልበትን ቤት እንፋሎት እንኳ ይፈራል። ጉልበቱ አብጦ፣ ጣቱ ተቆልምሞ የመጣውንም ሰው፣ ጓያ ያልነካውን፣ «መቼ በእንፋሎቱ አለፍክ?» እያሉ ያደርቁታል። ጓያ አንጓ አያሳብጥም፤ እግር ያደርቃል እንጂ። ይኼን ልዩነት ያስተማሩኝ አቶ ይርዳው ናቸው።

አቶ ይርዳው የጤና መኮንን ሆነው ቁጡውን አለቃዬን ተክተው መጡ። ከጎንደር ከጭነት መኪናው ሲወርዱ የእንጨት ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር፤ ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ውስጡ ማይክሮስኮፕ ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲቆጡ ጭራሽ ድምፃቸው የሚጠፋ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያስገረመኝ ሁሉን ሰው አንቱ ማለታቸው ነው። ባለርስቱንም አንቱ፣ ፋቂውንም አንቱ። ገበያተኛው በዚህ ይስቅባቸው ነበር፤ «የአገሩን ወግ ያላስተማሩት የተማረ» እያለ።

በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውኃ ታጥበው፣ አድርቀው፣ ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ በእጃቸው ጀርባ መጀመሪያ ጭኑን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ቅልጥሙን ይነካሉ። ጤነኛ ጉልበት ከጭኑም ከቅልጥሙም ይቀዘቅዛል ይሉኝ ነበር፤ ሥጋ የለበትምና። ከሁለቱ እኩል ከሞቀ አንድ ነገር አለ፤ ከሁለቱ በላይ ከሞቀ እሳት ገብቷል። መዳፍ ይዋሻል፤ የእጅ ጀርባ አይዋሽም። እኔንም ዓይኔን ጨፍኜ እንድነካ ያደርጉኝ ነበር። ሙቀቱን ስስት ምንም አይሉም፤ እጄን አንስተው እንደገና ያስቀምጡታል።

ያበጠ ጉልበት ሲሆን በወፍራም መርፌ ውኃውን ይቀዳሉ። ጠብታዋን ከመርፌው ጫፍ ሲያንጠለጥሏት፣ የጤነኛ ሰው እንደ ማር ክር ሆና ትሳባለች፤ የበሽተኛው እንደ ተራ ውኃ ጠብ ትላለች። የቀረውን በብርጭቆ ቱቦ አድርገው ግድግዳ ላይ በለጠፉት ጋዜጣ ፊት ይይዙታል። ፊደሉ በቱቦው ውስጥ ጥርት ብሎ ከተነበበ ክፉ አይደለም። ከደበዘዘ ውስጡ ነጭ የደም ሕዋሶች ተሞልተዋል ማለት ነው። ከዚያ ማይክሮስኮፑን ከፍተው ያሳዩኛል።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ በሽተኛውን አስቀርቶልን ሥራ ፈተን ስንቀመጥ፣ እነዚህ ሕዋሶች አንጓ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ቁስል ሲገጥመን፣ እሾህ ሲወጋን፣ ከደም ወጥተው የሚደርሱልን እነሱ ናቸው። ጀርሙን ይበላሉ፤ የሞተውን ሥጋ ያነሳሉ፤ አዲሱ ሥጋ እንዲበቅል መንገድ ይጠርጋሉ። መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መሞቁ የእነሱ ሥራ ነው። በቁርጥማት ግን ጠላት ሳይኖር ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ እሳቸውም አያውቁም፤ የሚያውቅ ሰው መኖሩንም አልሰሙም። ባላገር ቤት እንዲያድር እንደታዘዘ ወታደር ነው አሉኝ፤ የቤቱን እህል ጨርሶ፣ የሚማግደው ሲያጣ ምሰሶውን ይነቅላል። ከሕዋሶቹ የሚፈሰው ነገር አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ ያለበሰውን ለስላሳ ሽፋን ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ አይተካም። የሚያፈርሰውና የሚጠግነው አንድ ከሆነ ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ።

ጠጅቱ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ከርብ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ። መሬት የላትም፤ ለሸክላ ሠሪ ማን መሬት ይሰጣል? እንስራና ማድጋ ሠርታ፣ በኩበት አቃጥላ፣ ተሸክማ ወረታ ገበያ ታወጣለች። በዚያ ሁሉ ሰው ቤት ውኃው የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው፤ ክሊኒክ ስትመጣ ግን ዓይኗን ስለሚፈሩ ከተራው ርቃ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። አቶ ይርዳው ወጥተው «ይግቡ እመቤቴ» ሲሏት ተራ የያዘው ሁሉ አጉረመረመ። እሷም ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞረች።

ጣቶቿ ከሥራቸው አብጠው ወደ ውጭ መዞር ጀምረው ነበር፤ የቀኝ ጉልበቷም ሞልቷል።

«ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝም ይሉኛል» አለች። «ፀሐይ ከፍ ካለ ወዲያ ነው ጭቃ መያዝ የምችል። ጓያ ነው ይሉኛል፤ እኔ ጓያ በጄ አልነካሁ። ጌታዬ፣ እግሬስ ይሁን። በጄ ነው የምበላ።»

አቶ ይርዳው እጃቸውን አሙቀው ነኳት። እኔም ነካሁ፤ ጉልበቷ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር ነበር። ውኃው ተቀዳ፤ ጠብ አለ እንጂ አልተሳበም፤ ከጋዜጣው ፊደልም ድብዝዝ ያለ ጥላ ብቻ ታየ። በማይክሮስኮፑ ስናይ ሕዋሶቹ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ሆነው ክቡን ሞልተውታል።

አስፕሪን ሰጠናት። ጆሮዋ እስኪጮህ፣ ሆዷ እስኪቃጠል ዋጠች፤ ጥቂት ቀለላት እንጂ ጣቶቿ መዞራቸውን አልተዉም። ከዚያ አቶ ይርዳው ለስብሰባ ጎንደር ደርሰው ሲመለሱ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ትንሽ ነጭ ክኒን ይዘው መጡ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ እንደተሰጣቸው አልነገሩኝም። የነገሩኝ ክኒኑ እነዚያን ሕዋሶች ዝም እንደሚያሰኝ ነው፤ ክፉውንም ደጉንም ሳይለይ። ስለዚህ በትንሹ ነው የምንሰጣት አሉ። ለእሷም ደጋግመው አስረዷት፤ እሾህ ቢወጋት፣ ማጭድ ቢቆርጣት፣ የዚያኑ ዕለት እንድትመጣ።

ሁለተኛው ገበያ ላይ ጠጅቱ ጀርባዋ ላይ ማድጋ አዝላ መጣች። ከወር በፊት ኩባያ ማንሳት ያቃታት ሴት ናት። ማድጋውን ደጃፉ ላይ አውርዳ አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችን፤ ከዚያ ጨበጠቻቸው፤ ከዚያ ዘረጋቻቸው። ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። አቶ ይርዳው ማድጋውን ውኃ አስሞልተው በር ላይ አስቀመጡት፤ ዓይኗን ሲፈራ የነበረው ሕዝብ ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣበት አለፈ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደስታ ያልኩት ያን ሰሞን ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በሽታ የተሸነፈ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ እንደሆነች በጋው አለፈ። ሐምሌ ላይ ክኒኗን ልትወስድ መጥታ ቀሚሷን ከጉልበቷ ስትገልጥ፣ በጉልበት ሎሚው ዙሪያ በጋለ ብረት የተተኮሰችበት ጠባሳ ያልያዘ ቁስል አየን። ብረቱ በቦታ በቦታው አርፎ ቀለበት ሠርቷል።

የተኮሳት ወንድሟ አበጀ ነው። አበጀ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ቁርጥማት የያዘውንም ይተኩሳል። በዚያ አገር በሽታ ሲበረታ አይተኩሱትም፤ ሲደክም ነው የሚተኩሱት፤ እባብ በብርድ ሲፈዝ እንደሚገደል። የእህቱን በሽታ እኛ አደከምንላት፤ እሱ ደግሞ ዳግም እንዳይነሳ በሩን ሊዘጋላት አሰበ። ክፋት አልነበረበትም። ደግሞም የሚያውቀውን ነው ያደረገው፤ በእጁ የተተኮሰ ስንት ሰው ቁስሉ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ከዚያ ሥጋ ሞልቶ ሲድን አይቷል። ጠጅቱም እሾህና ማጭድ ስንላት ሰምታለች፤ የወንድሟን ብረት ከእነሱ ጋር የምትቆጥርበት ምክንያት አልነበራትም።

አቶ ይርዳው ድምፃቸው ጠፋ። ቁስሉን አጠብኩ። ዳር ዳሩ ነጣ ያለ፣ ደረቅ ያለ ነበር፤ መግል የለው፣ መቅላት የለው። እንዲህ ንጹሕ ቃጠሎ አይቼ አላውቅም ብዬ በልቤ አበጀን አደነቅኩት። አቶ ይርዳው እጃቸውን አሙቀው በጀርባው ነኩ፤ ጭኗን፣ ጉልበቷን፣ ቅልጥሟን። እንደገና ነኩ። ከዚያ እኔም እንድነካ አደረጉ። ጉልበቷ ቀዝቃዛ ነበር፤ መጽሐፍ ላይ እንዳለው የጤነኛ ጉልበት።

«ደኅና ነው» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ትምጣ ተባለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ርብ ሞላ። ያን ያህል ዝናብ ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሐይቅ ሆኖ ከማዶ የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ ከብት ሲዋኝ ብቻ ነበር የምናየው። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው አበጀና ጎረቤቶቹ ጠጅቱን በቃሬዛ፣ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ እየገቡ ያመጧት። ፊቷ አመድ መስሏል። ያማል ወይ ስላት «ይከብደኛል እንጂ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጉልበቷ ያኔም ብዙ አልሞቀም። አቶ ይርዳው ያን ቀን እጃቸውን አላሞቁም። መርፌውን አስገቡ፤ የወጣው አረንጓዴ፣ ወፍራም መግል ነው። በቱቦ አድርጌ ከጋዜጣው ፊት ልይዘው ስል ቱቦውን ከእጄ ወሰዱት።

ጀርሙ በተተኮሰው በኩል ገብቶ አንጓው ውስጥ ሲበላ ከርሟል። የሚቀላው፣ የሚሞቀው፣ የሚያመው ሕዋሶቹ ሲደርሱ ነው፤ ሕዋሶቹ ደግሞ በእኛ ክኒን ተይዘዋል። ቁስሉ ንጹሕ የመሰለን የሚያጸዳው ስላልመጣ ነው። ጉልበቷን ከፍተን አጠብን፣ ፔኒሲሊን ቀን ከሌት ወጋን፤ ለጎንደር መኪና የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቋረጥም ይገድላታል ብለው አቶ ይርዳው እየቀነሱ አስቆሟት። እኔና እሳቸው ተራ እየገባን አደርንላት።

አንድ ጠዋት ድስቱ ላይ መርፌ ስቀቅል ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ታከለ፣ ጉልበቷ ዝም ስላለ ጤና ነው አልኩ» አሉኝ። «አፉን የዘጋሁት ራሴ ነኝ እኮ።»

የእጅ ጀርባ አይዋሽም ብለው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔም ነክቼ ነበር፤ እኔም ደኅና መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሲነኩ አየሁ፤ እጃቸውን ያሙቃሉ፣ ያደርቃሉ፣ ግን ነክተው ሲያበቁ ምንም አይሉም።

ጠጅቱ አልሞተችም። መግሉ ደረቀ፤ አንጓው ውስጥ የቀረ ሽፋን ስላልነበረ አጥንት ከአጥንት ገጥሞ እግሯ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቀረ። ክኒኑም ቆመ። ክኒኑ በቆመ በጥቂት ሳምንት ያን ሁሉ በጋ ዝም ብለው የከረሙት ወታደሮች ወደ ጣቶቿ ተመለሱ።

አቶ ይርዳው የዝውውር ማመልከቻ ጻፉ። ከእሳቸው ወዲያ ሌሎች አለቆች አየሁ፤ ወረታም፣ አዲስ ዘመን ከተማም፣ እብናትም ስንት ዓመት ሠራሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሐኪም ከሕዋሶቹ ክፉ የሚሠሩትን ብቻ ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት በውጭ አገር አለ አለኝ። ደስ ይበልህ አልኩት። ለእኔ ደስታ አልሆነኝም፤ ለማን ልሰጠው ነው?

ጠጅቱ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው አቶ ይርዳው ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። አበጀ በበቅሎ አምጥቶ መሬት ላይ አጎዛ ዘርግቶ አስቀመጣት፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም፤ እግሯ ከፊቷ ተዘርግቶ ይቀራል። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣቸው ነበር፤ ጣቶቿ ተደራርበው ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ትልቋ ልጇ ሰው ቤት ገረድ ገብታለች አለን አበጀ። ጠጅቱ አቶ ይርዳውን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያንን ነጩን ይስጡኝ» አለች።

አቶ ይርዳው ጎንበስ ብለው አስረዷት። ጉልበቷ ውስጥ የተኛ ጀርም ሊኖር እንደሚችል፣ ክኒኑን ከዋጠች ሊነሳ፣ ያኔ እግሯን ብቻ ሳይሆን እሷን እንደሚወስዳት።

«ይውሰደኝ። አንድ በጋ ልሥራበት። ልጄን ላስወጣ፣ ከዚያ ይውሰደኝ።»

አልሰጥም አሏት። ድምፃቸው ስለጠፋ ከከንፈራቸው ነው ያነበብኩት።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ አንቱ ሰጡኝ፣ አንቱ ነሡኝ» አለች። «እንግዲያውስ አበጀ እጄን ይተኩስልኝ። ከዚህ ወዲያ ክኒን የለብኝም፤ ይድናል።»

አቶ ይርዳውን አየኋቸው። ይከለክላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ይተኩሳት» አሉ። የተማሩት፣ ያስተማሩኝ፣ ማይክሮስኮፑ፣ ሁሉም እዚያች ቃል ላይ አለቀ። የሚሰጧት ሌላ ነገር እንደሌላቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔም እንደሌለኝ።

አበጀ ግን ራሱን ነቀነቀ። ከክረምቱ ወዲህ ማረሻ እንጂ ለሰው ገላ ብረት አላጋልኩም አለ። እህቱ ለመነችው። በአባታቸው አጥንት ለመነችው። ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀና «እኔ አልነካሽም» አላት።

ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች ቆየች። ከዚያ እንሂድ አለች። ልትነሳ ብትሞክር ጉልበቷ አይታጠፍም፤ መሬቱን ልትደገፍ ብትል እጇ አይዘረጋም። አቶ ይርዳው በቀኝ፣ አበጀ በግራ ገብተው ብብቷን ይዘው አነሷት።